ድንች በጆንያ ውስጥም ይተነፍሳል

ተቆፍሮ የወጣ ድንች አልሞተም። ጆንያ ውስጥ ታስሮ፣ አልጋ ሥር ተገፍቶ፣ አይሱዙ ላይ ተጭኖ እንኳ ሌት ተቀን ይተነፍሳል። ኦክስጅን ያስገባል፤ በተለምዶ የተቃጠለ አየር የምንለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገውን ስንቅ ከውጭ አያገኝም። የሚበላው ራሱ ያጠራቀመውን ስታርች ነው፤ ስታርች ማለት ድንች ሲቀቀል ዱቄት ዱቄት የሚለው ነጩ ምግብ ነው። እርስዎ ሊሸጡት ወይም ሊቀቅሉት ያስቀመጡትን፣ ድንቹ ቀድሞዎት መብላት ጀምሯል ማለት ነው።

ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ሰከላ፣ ቋሪት ወይም ደጋ ዳሞት ላይ ድንች የሚያመርቱ ከሆነ ይህ ነገር ይመለከትዎታል። ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ገበያ የሚቸረችሩ፣ ወይም ጾም ሲገባ ግማሽ ኩንታል ገዝተው ጓዳ የሚያስቀምጡ ከሆነም እንደዚሁ። ብዙ ሰው የከሰረ የሚመስለው ድንቹ ሲበሰብስ ብቻ ነው። ኪሳራው ግን ከመበስበሱ በፊት፣ ድንቹ ገና ደህና መስሎ ሳለ ይጀምራል።

«ድንች ሳንባ አለው እንዴ?» ይሉ ይሆናል። የለውም። አንዱን አጥበው ቆዳውን ቀረብ አድርገው ይዩት። የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ነጠብጣቦች ተበትነውበት ያገኛሉ። እነዚህ የአየር መግቢያና መውጫ ቀዳዳዎች ናቸው፤ ባለሙያዎች ሌንቲሴል ይሏቸዋል። አየሩ በእነሱ ገብቶ በሕዋሳት መካከል ባሉ ቀጫጭን ክፍተቶች እየተሹለከለከ እስከ መሐል ይደርሳል። ሕዋስ ማለት የማንኛውም ሕይወት ያለው አካል ትንሿ ክፍል ናት። ክፍተቶቹ በጣም ጠባብ ናቸው፤ ተደምረው ከድንቹ ይዘት 1 በመቶ ያህል ቢሆኑ ነው። ይህን ያስታውሱልኝ፤ ኋላ ያስፈልገናል።

ድንች ሥር ይመስላል እንጂ ሥር አይደለም። ከመሬት በታች ያበጠ ግንድ ነው። «ዓይን» የምንላቸው ጎድጓዳ ቦታዎች የተኙ እንቡጦች ናቸው፤ ጊዜው ሲደርስ ከእነሱ ጉንቁል ይወጣል። ስታርቹ የተከማቸው ለእነዚህ እንቡጦች ስንቅ እንዲሆን ነው። ድንቹ ለሚቀጥለው ወቅት ራሱን ጠብቆ ማቆየት አለበት፤ ስለዚህ ተኝቶም ቢሆን ሕዋሳቱን ማደስ፣ ቁስሉን መዝጋት፣ እንቡጦቹን በሕይወት ማቆየት ግድ ይለዋል። ይህ ሁሉ ጉልበት ይጠይቃል። ጉልበቱ የሚገኘው ከትንፈሳ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ኢንዛይሞች፣ ማለትም ሕዋሱ ውስጥ ያሉ ሥራ አቀላጣፊ ፕሮቲኖች፣ ስታርቹን ወደ ስኳር ይሰባብሩታል። ስኳሩ ይበልጥ ተሰባብሮ ማይቶኮንድሪያ ወደሚባሉት የሕዋሱ ጉልበት ማምረቻ ክፍሎች ይገባል። እዚያ ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ሦስት ነገር ይወጣዋል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ውኃና ጉልበት። እርስዎ ትናንት የበሉት እንጀራ ዛሬ በሰውነትዎ ውስጥ የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው። ከጉልበቱ ከፊሉ ለሕዋሱ ሥራ ይውላል። የቀረው፣ ያውም አብዛኛው፣ ሙቀት ሆኖ ይወጣል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። የደረሰና ቁስሉ የደረቀ ድንች በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ላይ ሲቀመጥ፣ በአንድ ኪሎ በሰዓት ወደ 15 ሚሊ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል እንበል። ቁጥሩ እንደ ዝርያውና እንደ አያያዙ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ለግምት ግን ይበቃናል። አንድ ኩንታል በዚህ ልክ በቀን 36 ግራም ያወጣል። በወር ከ1 ኪሎ ትንሽ ይበልጣል። ይህን ያህል ለማውጣት የሚበላው ስታርች 660 ግራም ገደማ ነው።

ትንሽ መሰለዎት? አንድ ኩንታል ድንች ውስጥ ወደ 80 ኪሎው ውኃ ነው። ደረቁ ምግብ 20 ኪሎ ቢሆን ነው፤ ከዚያም ስታርቹ 15 ኪሎ ያህል። ስለዚህ በወር የሚጠፋው ከስታርቹ ከ4 በመቶ በላይ ነው። በሦስት ወር ወደ 2 ኪሎ ይጠጋል። ይህ እንግዲህ ድንቹ ሳይቆስል፣ ሳይጎነቁልና ሳይሞቅ ነው።

እዚህ ላይ ሚዛን ሙሉውን አይነግርዎትም። ድንቹ ስታርቹን ሲበላ ውኃ ይፈጠራል ብለናል፤ ያ ውኃ መጀመሪያ እዚያው ድንቹ ውስጥ ይቀራል። በወር 660 ግራም ምግብ ሲጠፋ፣ በትንፈሳው ምክንያት ከሚዛን የሚቀነሰው 300 ግራም ያህል ብቻ ነው። ከግማሹ በላይ ኪሳራ ተሸሽጎ ይቀራል። ሚዛን ላይ ጎልቶ የሚታየው ክብደት መቀነስ በአብዛኛው ሌላ ነገር ነው፤ በቆዳው በኩል ተንኖ የሚሄድ ውኃ። ድንቹን የሚያጨማድደው ይህኛው ነው። ስለዚህ ሁለት ሌቦች አሉ፤ አንዱ ውኃ ይወስዳል፣ አንዱ ምግብ። ሙቀት ሁለቱንም ያጠናክራቸዋል።

ለፍትሕ ያህል፣ ድንች ቀስ ብሎ ከሚተነፍሱት ወገን ነው። የጃቢ ጠህናን ማንጎ ወይም አቮካዶ በዚያው በ20 ዲግሪ ላይ ከድንች ብዙ እጥፍ ይተነፍሳል። እንደ እነዚህ ያለ ፍሬ ሲበስል ትንፋሹ ድንገት ይጨምራል፤ ድንች ግን መብሰል የሚባል ነገር የለውም። ለዚህ ነው ማንጎ በቀናት የሚያልቅበት፣ ድንች ደግሞ ለወራት የሚቆይበት ምክንያት። ነጋዴ ድንችን ችላ የሚለውም ይህን ዕድሜውን ተማምኖ ይመስለኛል። ዕድሜው ግን በሙቀቱ ልክ ይረዝማል፣ ያጥራል።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል? ከውጭም ከውስጥም። የውስጡን እንይ። በዚያው ሒሳብ አንድ ኩንታል ድንች ከ4 ዋት በላይ ሙቀት ያመነጫል። ብቻውን ሲሆን ምንም አይደለም፤ በዙሪያው ያለ አየር ይወስድለታል። 20 ኩንታል ባንድ ላይ ሲከመር ግን ወደ 90 ዋት ይደርሳል። አንድ ትልቅ የድሮ አምፖል ክምሩ መሐል ሌት ተቀን በርቷል ማለት ነው። መውጫ ካጣ፣ የክምሩ ሙቀት በየቀኑ 1 ዲግሪ ያህል ሊጨምር ይችላል። ሙቀቱ ሲጨምር ትንፋሹ ይፈጥናል። ትንፋሹ ሲፈጥን ሙቀቱ ይብስበታል። ክምር ውስጥ እጅዎን አስገብተው ወበቅ ከተሰማዎት ይህ ዙር ተጀምሯል።

ከ10 ዲግሪ በላይ ሲሆን፣ ሙቀቱ በየ10 ዲግሪው በጨመረ ቁጥር የድንች ትንፋሽ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ይህ ለእኛ አካባቢ ትልቅ ትርጉም አለው። የሰከላዋ ግሽ ዓባይ 2,700 ሜትር ከፍታ አካባቢ ላይ ናት። ፍኖተ ሰላም 1,900 ሜትር ገደማ፣ ቡሬ ደግሞ 2,100 ሜትር አቅራቢያ ናቸው። በየ100 ሜትሩ ቁልቁለት ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይጨምራል። እንግዲህ ድንቹ ከሰከላ ወደ ፍኖተ ሰላም በወረደባት ቀን 5 ዲግሪ ያህል ወደሚሞቅ አገር ገብቷል። ምንም ሳንነካው ትንፋሹ በአንድ ሦስተኛ ወይም ከዚያ በላይ ይጨምራል።

ከዚህ የምወስደው ግልጽ ነገር አለ። ማከማቸት ካለብን ደጋ ላይ እናከማች፤ ወደ ወይና ደጋ የምናወርደው ለመሸጥ ሲሆን ብቻ ይሁን። አሁን ብዙ ጊዜ የሚደረገው ተቃራኒው ነው። ድንቹ ተቆፍሮ ወዲያው ይወርዳል፤ ገዢ እስኪገኝ ከተማ ላይ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተቆልሎ ይጠብቃል። ቆርቆሮ በቀን ምን እንደሚያደርግ የገባበት ያውቀዋል።

የአዲስ አበባው ጉዞ ደግሞ የባሰ ነው። ከፍኖተ ሰላም ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ደጀን ሲደርስ መኪናው ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ ድልድዩ አካባቢ ከፍታው ወደ 1,000 ሜትር ይጠጋል። ደጋ የለመደ ድንች፣ በሸራ ተጠቅልሎ፣ አየር በማያገኝበት ጭነት መሐል ሆኖ በዚያ ወበቅ ያልፋል። በሌሊት መጓዝ ከተቻለ ለጭነቱ ይሻላል። ካልተቻለም ሸራው ለዝናብና ለፀሐይ ከላይ ይሸፍን እንጂ ጎንና ጎኑ ይከፈት።

«አየር ባያገኝ አይሻልም? ትንፋሹ ይቆም የለ?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሳል። ብልህ ጥያቄ ነው። ኦክስጅን በልክ ሲቀንስ ትንፋሽ መቀነሱም እውነት ነው። ጨርሶ ሲጠፋ ግን ሕዋሱ አያርፍም፤ መንገድ ይቀይራል። ስኳሩን ያለ ኦክስጅን መሰባበር ይጀምራል፤ ጋን ውስጥ ጠላ ሲጠነሰስ እርሾው የሚሄድበት ዓይነት መንገድ ማለት ነው። ከዚህ የሚገኘው ጉልበት እጅግ ጥቂት ነው። አልኮልና አሲድ ይጠራቀማል። ጉልበት ያጣ ሕዋስ ይሞታል።

መጀመሪያ የሚሞተው መሐሉ ነው፤ ከቆዳው ስለሚርቅ። ከላይ ያስታውሱልኝ ያልኩት ጠባብ ክፍተት እዚህ ላይ ይመጣል። ድንቹ ሞቆ ብዙ ኦክስጅን ሲፈልግ፣ በዚያ ክፍተት የሚገባው ለመሐሉ አይበቃም። ውጤቱን አይተውት ይሆናል። ከውጭ እንከን የሌለው ድንች፣ ሲከፈት መሐሉ ጠቁሮ ይገኛል። ባለሙያዎች ጥቁር ልብ ይሉታል። ተላላፊ በሽታ አይደለም፤ የታፈነ ድንች ነው።

ምን ያህል አየር ይፈልጋል? አንድ ኩንታል በ20 ዲግሪ በቀን ከ20 ሊትር ያላነሰ ኦክስጅን ይወስዳል። አንድ ጀሪካን ሙሉ ነው። ከአየር ውስጥ ኦክስጅኑ 21 በመቶ ብቻ ስለሆነ፣ አምስት ጀሪካን አየር በየቀኑ መቀያየር አለበት ማለት ነው። ሳሳ ብሎ የተሠራ ጆንያ ይህን ያለ ችግር ያሳልፋል። ጥቅጥቅ ያለ የማዳበሪያ ከረጢት ያስቸግራል። ውስጡ ላስቲክ ያለው ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም።

ውኃም እንደ ላስቲክ ነው። ኦክስጅን በውኃ ውስጥ የሚጓዘው በአየር ውስጥ ከሚጓዘው በ10,000 እጥፍ ቀስ ብሎ ነው። ስለዚህ የረጠበ ድንች በስስ የውኃ ልባስ ብቻ ሊታፈን ይችላል። ያን ጊዜ ቁስል መዝጋት ያቅተዋል፤ የሚያላሽቁት ባክቴሪያዎች ደግሞ ኦክስጅን ባይኖርም ይበረታሉ። ድንቹን አጥበው ገበያ የሚያወጡ ሰዎች አሉ፤ ያምራል። ግን ያጠቡትን በዚያው ሰሞን ይሽጡት። ለማስቀመጥ ከሆነ አፈሩን በእጅ አራግፎ ማስቀመጥ ይበቃል።

«የደጋው ነፋሻ አየር ስስ ነው፤ ኦክስጅን አያንሰውም?» ላሉኝ ደግሞ መልሱ አጭር ነው። አያንሰውም። ድንች የመጣው ከደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ነው፤ እዚያ ከእኛ ደጋ በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይበቅላል። ወደ አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1858 በጀርመናዊው የእጽዋት ተመራማሪ ሺምፐር አማካይነት እንደሆነ በሰፊው ተጽፏል።

ፍሪጅስ? ለምግብ ድንች አልመክርም። የምግብ ድንች የሚስማማው ከ7 እስከ 10 ዲግሪ ያለ ቅዝቃዜ ነው። ከዚያ በታች ብዙ ሲወርድ ስታርቹ ወደ ስኳር መለወጥ ይጀምራል፤ ስኳሩም ይጠራቀማል። ሲቀቀል ይጣፍጣል፤ ሲጠበስ ቶሎ ይጠቁራል፣ ይመርራል። ችፕስ የሚጠብሱ ሰዎች ይህን በደንብ ያውቁታል፤ ምክንያቱ የዘይቱ ማርጀት እየመሰላቸው ዘይት የሚደፉም አሉ። የቀዘቀዘውን ድንች አውጥተው ሁለት ሳምንት ያህል በክፍል ሙቀት ቢያቆዩት ከስኳሩ ብዙው ይቀንሳል።

አሁን ወደ ቁፋሮው እንመለስ፤ የማከማቻ ነገር የሚጀምረው እዚያ ነውና። የቆሰለ ድንች ትንፋሹ ይጨምራል። ተቆርጦ የተቀመጠ ድንች በአንድ ቀን ውስጥ ሦስት እጥፍና ከዚያ በላይ ሊተነፍስ ይችላል፤ ቁስሉን ለመሸፈን አዲስ ቆዳ መሥራት አለበትና። ዶማ የነካው፣ ማረሻ የሰነጠቀው፣ ከከፍታ የተወረወረው ሁሉ እንደዚያው ነው። የተሰነጠቀውን ለይተው በዚያው ሳምንት ይብሉት ወይም ይሽጡት። ከደህናው ጋር ጆንያ ውስጥ ከገባ ሙቀቱንና ብስባሹን ለጎረቤቱ ያካፍላል።

ያልደረሰ ድንችም ከደረሰው አብልጦ ይተነፍሳል። መድረሱን በአውራ ጣትዎ ይፈትኑት። ሲያሹት ቆዳው ከተገፈፈ ገና ነው። ከመቆፈርዎ ከ10 እስከ 14 ቀን በፊት ከላይ ያለውን ግንድ አጭደው ያንሱት። ድንቹ አፈር ውስጥ ሆኖ ቆዳውን ያጠነክራል። ወጪው የግማሽ ቀን ጉልበት ነው፤ ከዚህ ሁሉ ምክር አንዱን ብቻ የሚይዙ ከሆነ ይህን ይያዙ እላለሁ።

ከቆፈሩ በኋላ ደግሞ ወደ ማከማቻ ከመክተት በፊት ሁለት ሳምንት ይስጡት። ጥላ ሥር፣ ጨለማ ቦታ፣ አየር የሚዘዋወርበት፣ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሙቀት ያለው ይሁን። በጣም ደረቅም አይሁን። በዚህ ጊዜ ትንንሽ ቁስሎች በቡሽ መሰል ሽፋን ይዘጋሉ። ትንፋሹም ረገብ ይላል። ፀሐይ ላይ አስጥቶ ማድረቅ ግን ስህተት ነው። ፀሐይ ድንቹን ያሞቀዋል፣ አረንጓዴም ያደርገዋል። አረንጓዴው ክፍል ሶላኒን የሚባል መርዝ ያዘለና መራራ ስለሆነ አይበላም።

ማከማቻው ምን ይምሰል? ውድ ነገር አያስፈልግም። በቀን ጨለማና ዝግ፣ በሌሊት ክፍት የሆነ ክፍል ይበቃል። የምዕራብ ጎጃም ሌሊት ቀዝቃዛ ነው፤ በነፃ የሚገኝ ማቀዝቀዣ ማለት እሱ ነው። ማታ መስኮቱንና የግርጌውን ቀዳዳ ይክፈቱ፤ ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ይዝጉ። ድንቹን መሬት ላይ አያፍስሱት። ከመሬት ከፍ ያለ፣ በስሱ የተረበረበ የእንጨት ወይም የቀርከሃ ቆጥ ይሥሩለት፤ ቀዝቃዛው አየር ከሥር ገብቶ ሙቀቱን ወደ ላይ ይዞት እንዲወጣ። ክምሩ ከአንድ ሜትር ባይበልጥ ይሻላል። ከላይ የሣር ክዳን ከቆርቆሮ ይመረጣል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ጉድጓድ ቆፍረው ብዙ ድንች ካከማቹ፣ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ ታች ይተኛል። ሰው ድንገት ከገባበት ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላል። አየሩ እስኪለወጥ ከፍተው ይቆዩ፤ ብቻዎን አይግቡ።

«ለምን ሳልቆፍረው እዚያው ማሳው ላይ አልተወውም?» የሚሉ ገበሬዎች ብዙ ናቸው፤ አባቶቻችንም እንዲህ ሲያደርጉ ኖረዋል። ክፉ ዘዴ አይደለም። አፈር ከቆርቆሮ ቤት ይቀዘቅዛል፤ እርጥበቱም ድንቹን ከመጨማደድ ያድነዋል። ድንቹ እዚያም ቢሆን ይተነፍሳል፤ አየሩ በአፈሩ ቀዳዳዎች ይመጣለታል። ችግሩ ዝናብ ሲወርድና መሬቱ ውኃ ሲያቁር ነው። ያን ጊዜ ይታፈናል። ቀዳዳዎቹ አብጠው እንደ ነጭ ቡግር ይወጣሉ፤ ባክቴሪያም በእነሱ በኩል ይገባል። በበጋ ደግሞ መሬቱ ሲሰነጠቅ የድንች የእሳት እራት እንቁላሏን ትጥልበታለች። ከዚህ ሁሉ በላይ መሬቱ ለሌላ ሰብል አይለቀቅም። ተዳፋት የሆነና ውኃ የማይተኛበት ማሳ ካለዎት ጥቂት ሳምንት ማቆየት ያዋጣል። ረግረግ ላይ ግን አይሞክሩት።

ስለ መጎንቆልም መናገር አለብኝ። ድንች ከተቆፈረ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ እንቅልፍ ላይ ይሆናል፤ ቢመቸውም አይጎነቁልም። የእንቅልፉ ርዝመት እንደ ዝርያው ይለያያል። ከአዴት የግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት ዘንገናና ጓሳ፣ ከሆለታ የወጡት ጉደኔና በለጠ፣ እኩል አይተኙም። ስለዚህ ዘር ሲገዙ ስለ ምርቱ ብቻ አይጠይቁ፤ ስንት ወር ሳይጎነቁል እንደሚቆይም የልማት ጣቢያ ሠራተኛውን ይጠይቁ። እንቅልፉ ሲያበቃ ስታርቹ ወደ ስኳር እየተለወጠ ወደ እንቡጦቹ ይጎርፋል፤ ትንፋሹ በብዙ ይጨምራል። ጉንቁሉ ደግሞ ቆዳው ስስ ስለሆነ ውኃ በፍጥነት ያስተናል። ጉንቁሉን መልቀም ጊዜያዊ ማስታገሻ ነው፤ የነቃ ድንች ተመልሶ አይተኛም። መጎንቆል የጀመረ የምግብ ድንች ካለዎት ዋጋ መጠበቅዎን ያቁሙ።

የዘር ድንች ጉዳይ የተለየ ነው። ዘሩ እንዲጎነቁል እንፈልጋለን፤ ግን አጭርና ጠንካራ ጉንቁል ነው የሚያስፈልገው። ለዚህ ባለሙያዎች ዲኤልኤስ የሚሉት ማከማቻ አለ። ዋና መሥሪያ ቤቱ ሊማ፣ ፔሩ የሆነው ዓለም አቀፍ የድንች ማዕከልና የአገራችን የምርምር ተቋማት ሲያስተዋውቁት ቆይተዋል። ቀጥተኛ ፀሐይ የማይገባበት፣ የተበተነ ብርሃን ግን ከየጎኑ የሚገባበት፣ ግድግዳው ክፍት፣ ውስጡ የእንጨት መደርደሪያ ያለው ቤት ነው። ድንቹ በሁለት ወይም በሦስት ድርብ ብቻ ይደረደራል። ብርሃኑ ጉንቁሉን አሳጥሮ ያጠነክረዋል፤ ስንቁም በከንቱ አያልቅም። እዚያ የቆየ ድንች አረንጓዴ ስለሚሆን ለዘር እንጂ ለድስት አይሆንም። ልጆች እንዳይቀቅሉት ይንገሯቸው።

ትንፋሹን ጨርሶ ማቆምስ ይቻላል? ሕዋሱን ከገደሉት ይቻላል። የአንዲስ ገበሬዎች ድንቹን በሌሊት ውርጭ አቀዝቅዘው፣ በእግር ረግጠው ውኃውን አውጥተው፣ በፀሐይ ያደርቁታል፤ ቹኞ ይሉታል፣ ለዓመታት ይቆያል። እኛ ጋ ያን የሚያህል ውርጭ በየሌሊቱ አይገኝም፤ ፀሐይ ግን አለን። ድንቹን ልጦ፣ ቀጠን አድርጎ ቆርጦ፣ በፈላ ውኃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አገንፍሎ፣ በንጹሕ ወንፊት ላይ ማድረቅ ነው። የድንች ቋንጣ ልንለው እንችላለን። ውኃ ውስጥ ተነክሮ ወጥ ውስጥ ይገባል። የተሰነጠቀውንና ትንንሹን ድንች ከመጣል ይህ ይሻላል።

በመጨረሻ ብሩን እናስላ። ዛሬ ኪሎው 20 ብር ነው እንበል፤ አንድ ኩንታል 2,000 ብር ያወጣል። ሦስት ወር አቆይተው በትነት፣ በትንፈሳና በብስባሽ 15 ኪሎ ቢጠፋብዎት 85 ኪሎ ይቀራል። ያንኑ 2,000 ብር ለማግኘት ብቻ ኪሎው 23 ብር ከ50 ሳንቲም መድረስ አለበት። ማለትም ዋጋው ወደ 18 በመቶ ካልጨመረ ሦስት ወር የጠበቁት በነፃ ነው። የጆንያውን፣ የጠባቂውን፣ የለቀማውን ጉልበት ገና አልቆጠርንም። 10 ኪሎ ብቻ ቢጠፋ ግን 22 ብር ከ25 ሳንቲም ሲደርስ ይካካሳል። ልዩነቱን የሚያመጣው ማጨድ፣ ቁስሉን ማድረቅ፣ ቆጡና የሌሊቱ አየር ነው።

የሌላውን ሰው ቁጥር ግን አይመኑ፤ የእኔንም ጨምሮ። ዘንድሮ ሲያከማቹ አንድ ጆንያ ለይተው ይመዝኑ፤ ክብደቱን ጽፈው ይለጥፉበት። በየሁለት ሳምንቱ መልሰው ይመዝኑት፤ የተበላሸውን ለቅመው ለብቻ ይጻፉ። በዓመቱ የራስዎ ቤት፣ የራስዎ ከፍታና የራስዎ ዝርያ ምን እንደሚያስከፍልዎት ያውቃሉ። እስከዚያው የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ ሰከላና ቋሪት ላይ ቀዝቃዛ ቤት ያለው ሰው እስኪጎነቁል ድረስ ይጠብቅ፤ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ላይ ቆርቆሮ ሥር ያከማቸ ሰው ግን በሳምንታት ውስጥ ይሽጥ።